የተዘጋ የሐሞት ቱቦ ሲመረቅዝ፦ መቼ ይተንፍስ፣ በምን ይተንፍስ

ይህ መመሪያ በሐዋሳና በዙሪያዋ ባሉ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ለሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች የተዘጋጀ ነው። የመድኃኒት መጠኖቹ ሁሉ ለአዋቂ ናቸው። እዚህ "መተንፈስ" ስንል የታገደው ሐሞትና መግል መውጫ አግኝቶ መፍሰሱ ነው።

ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚጠጋ ሐሞት ያመነጫል። በጤናማ ሰው የሐሞት ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ7 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። ጠጠር፣ ዕጢ፣ ወስፋት ወይም የተደፈነ ስቴንት (ቱቦው ክፍት እንዲሆን ውስጡ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) መንገዱን ሲዘጋው ግፊቱ ያድጋል፤ ከ20 እስከ 25 ሲያልፍ ባክቴሪያው ከነመርዙ ወደ ጉበት ደም ሥሮች ይገፋል። ታማሚውን የሚያንቀጠቅጠው ይህ ነው። ጉበት ወደ ሐሞት ያሳልፈው የነበረው አንቲባዮቲክም ቱቦው ሲዘጋ በበቂ መጠን አያልፍም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ የገባውን ባክቴሪያ ይዋጋል፣ ምንጩ ጋ ግን አይደርስም። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ፋታ ይሰጥ ይሆናል እንጂ መግሉን አያወጣም። "እስኪ የመድኃኒቱን ውጤት እስከ ነገ እንይ" የሚባለው ቀላል ለሆነው ሕመም ብቻ ነው። የደም ግፊቱ ለወረደ ታማሚ ያ ሌሊት ውድ ነው።

አንደኛ፦ "የወፍ በሽታ" ተብሎ እንዳይታለፍ

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ሆስፒታል የሚደርሰው "የወፍ በሽታ ነው" ተብሎ ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ሐዋሳ ወባ ያለባት ከተማ ናት፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲነገረን ሐሳባችን ቀድሞ ወደ ወባ ይሄዳል። የደም ፊልሙ ይሠራ፤ ወባም ሆነ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት በዚያው ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ፊልሙ ወባ ስላሳየ ብቻ ቱቦው ክፍት ነው ማለት አይቻልም። ሁለቱ አብረው ከተገኙ ሁለቱም ይታከማሉ።

የሚለያቸውን በጥያቄና በዓይን ፈልጉ። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ጠቁሯል? ሰገራው ነጥቶ አመድ መስሏል? ሰውነቱን ያሳክከዋል? ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ወይም ከእምብርት በላይ ያመዋል? ቀድሞ ስቴንት ገብቶለት ወይም የሐሞት ከረጢት ኦፕሬሽን ተሠርቶለት ያውቃል? በላብራቶሪ በኩል ወባ ቀይ ደም ሴሎችን ሲያፈርስ የሚጨምረው በአብዛኛው ቀጥተኛ ያልሆነው ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቀለም) ነው። መዘጋት ሲኖር ግን ቀጥተኛው ያይላል፤ አልካላይን ፎስፋቴዝም አብሮ ይወጣል።

ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1877 የገለጻቸው ሦስት ምልክቶች ሕመም፣ ትኩሳትና ቢጫነት ናቸው። ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1959 የደም ግፊት መውረድንና የአእምሮ መደናገርን ጨመረባቸው። ሦስቱ ወይም አምስቱ እስኪሟሉ መጠበቅ ስሕተት ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል፤ "እማማ ከትናንት ጀምሮ ይቃዣሉ" የሚል ወሬ ብቻ ይዘው ይመጣሉ።

ስለ ሐሞት ቱቦ መመረቅዝ (ኮላንጃይተስ) የሚናገረው የቶኪዮ መመሪያ የ2018 እትም መለኪያ ለሥራ የተመቸ ነው። የመጀመሪያው ዓምድ ኢንፌክሽን ነው፦ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ፣ ከ4,000 በታች ወይም ከ10,000 በላይ ነጭ ደም ሴል፣ ከፍ ያለ ሲአርፒ (የብግነት የደም ምርመራ)። ሁለተኛው የሐሞት መታገድ ነው፦ ቢሊሩቢን 2 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ፣ ወይም የጉበት ኢንዛይሞች ከጤናማው ጣሪያ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ። ሦስተኛው ምስል ነው፦ የሰፋ ቱቦ ወይም የመዘጋቱ ምክንያት በዓይን መታየቱ። ከመጀመሪያው አንድ፣ ከሌሎቹ ከአንዳቸው አንድ ከተገኘ ጥርጣሬው በቂ ነው፤ ሕክምናው ይጀመር። ከሦስቱም አንድ አንድ ካለ ኮላንጃይተስ ነው።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያው ሰዓት

1. ሁለት ወፍራም ካኑላ (18 ወይም 16) አስገቡ። ለደም ካልቸር፣ ለሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ለክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ለቢሊሩቢን፣ ለአይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) እና ለደም ዓይነት ምርመራ ደም በአንድ ጊዜ ቅዱ። ካልቸር መቅጃ ጠርሙስ እስኪመጣ ተብሎ አንቲባዮቲክ አይዘግይ።

2. ድንጋጤ (ሾክ፣ የደም ግፊት መውደቅ) ውስጥ ላለ ታማሚ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይግባ። ፒፐራሲሊን ታዞባክታም ካለ 4.5 ግራም በየ6 ሰዓቱ፤ ከሌለና ታማሚው በጽኑ ከታመመ ሜሮፔነም 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ። ያለው ሴፍትሪያክሶን ብቻ ከሆነ 2 ግራም ከሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም ጋር። ሴፍትሪያክሶን ኢንቴሮኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ እንደማይነካ አስታውሱ፤ ስቴንት ላለው ወይም ቀድሞ ቱቦው ለተነካ ታማሚ አምፒሲሊን 2 ግራም በየ6 ሰዓቱ ይጨመር። ጄንታማይሲንን ግን ተዉት፤ ቢጫ የሆነና የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ኩላሊት አይችለውም።

3. ሪንገር ላክቴት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት፤ ለ60 ኪሎ ሰው 1.8 ሊትር ማለት ነው። በ500 ሚሊ ሊትር ከፋፍላችሁ ስጡ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ሳንባውን አዳምጡ። ሴፍትሪያክሶንን ከሪንገር ጋር በአንድ መስመር አታስኪዱ፤ በሪንገሩ ካልሲየም ምክንያት ይረጋል። መስመሩን በኖርማል ሳላይን አጥባችሁ ስጡ፣ ወይም በሌላኛው ካኑላ ይግባ።

4. አማካይ የደም ግፊቱ ከፈሳሹ በኋላም 65 ካልደረሰ ኖርአድሬናሊን ጀምሩ። 4 ሚሊ ግራም በ250 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ዴክስትሮስ ውስጥ ሲገባ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ማይክሮ ግራም ይሆናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 0.1 ማይክሮ ግራም በደቂቃ ለመስጠት በሰዓት ከ22 እስከ 23 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ ፓምፕ ከሌለ 60 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር በሆነ ሴት በደቂቃ ከ22 እስከ 23 ጠብታ ነው። ማዕከላዊ መስመር እስኪገባ በክርን አካባቢ ባለ ትልቅ ደም ሥር መጀመር ይቻላል፤ ቆዳው እንዳይነጣና እንዳያብጥ በየጊዜው እዩት።

5. የሽንት ካቴተር አስገቡ፤ ግቡ በኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር በሰዓት ነው።

6. ቫይታሚን ኬ 10 ሚሊ ግራም ተበርዞ በደም ሥር በዝግታ ይሰጥ። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ይህ ቫይታሚን ስለማይመጠጥ የደም መርጋት ይዛባል። ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈልግ ገና በመጀመሪያው ሰዓት መሰጠት አለበት፤ የሚረሳውም ይኸው ነው።

ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ በጡንቻ መውጋት የተለመደ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን አይሁን። ኩላሊትን ይጎዳል፤ አይኤንአሩ በወጣ ሰው ጡንቻ ውስጥም ደም ያቋጥራል። ሞርፊን በትንሽ በትንሹ በደም ሥር ይሻላል።

ሦስተኛ፦ አልትራሳውንዱን ምን እንጠይቀው?

"የሆድ አልትራሳውንድ" ብሎ ብቻ መጻፍ "የሐሞት ከረጢት ጠጠር አለ" የሚል መልስ ያመጣል። የጠጠር መኖር ለውሳኔ አይበቃም። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ ይህን ጻፉ፦ ዋናው የሐሞት ቱቦ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ጉበት ውስጥ ያሉት ቱቦዎች ሰፍተዋል? በግራ፣ በቀኝ ወይስ በሁለቱም? መዘጋቱ ከላይ መገናኛው ላይ ነው ወይስ ከታች? የሐሞት ከረጢቱ ተወጥሯል? ጉበት ላይ የመግል ቋት ወይም የሃይዳቲድ ከረጢት (ጥገኛ ትል የሚፈጥረው ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) አለ?

ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ድረስ ያለ ስፋት በአብዛኛው ጤናማ ነው፤ የሐሞት ከረጢቱ ለወጣለት ሰው እስከ 10 ሊደርስ ይችላል። ሁለት ነገር ያታልላል። በአንጀት ጋዝ ምክንያት የቱቦው የታችኛው ጫፍ ስለማይታይ "ጠጠር አልታየም" ማለት "የለም" ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትም ቱቦው ገና ላይሰፋ ይችላል። ቢሊሩቢኑ እየወጣ፣ ታማሚው እያንቀጠቀጠው ምስሉ ደህና ነው ከተባለ በማግስቱ ይደገም።

ቱቦው ውስጥ ጥላ የማይጥል፣ በሁለት ትይዩ መስመር የተከበበ ረጅም ነገር ከታየ፣ በተለይም ከተንቀሳቀሰ፣ ወስፋት ነው። ኢንፌክሽን ከሌለ አንጀቱን አሳርፎ ሲጠበቅ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። ኮላንጃይተስ ካለ ግን እንደማንኛውም መዘጋት ይተነፍሳል። አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም የሚሰጠው አጣዳፊው ነገር ካለፈ በኋላ ይሁን፤ ቱቦው ውስጥ የሞተ ወስፋት እዚያው ቀርቶ ለጠጠር መነሻ ይሆናል።

አራተኛ፦ ሰዓቱ

ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ታማሚው ከመጀመሪያው ጤና ተቋም ሲደርስ ነው። ማታ 2 ሰዓት ይርጋለም ደርሰው ሌሊት 8 ሰዓት ሐዋሳ የገቡ ታማሚ እኛ ጋ "አዲስ" ቢባሉም ስድስት ሰዓት አልፏቸዋል። የሪፈር ወረቀት ላይ ሰዓት ስትጽፉ "ቀን" ወይም "ሌሊት" የሚለውን አትተዉ፤ "7፡00" ብቻ ከተጻፈ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ማንም አያውቅም፤ የአንቲባዮቲኩ ሰዓት በስድስት ሰዓት ይዛነፋል።

ከባድ የሚባለው አንድ የአካል ክፍል እንኳ ሥራው ሲታወክ ነው፦ የደም ግፊትን ለመያዝ ኖርአድሬናሊን በማንኛውም መጠን ወይም ዶፓሚን በኪሎ 5 ማይክሮ ግራም በደቂቃና ከዚያ በላይ ካስፈለገ፤ አእምሮው ከተደናገረ፤ የደሙ ኦክስጅን መጠን ከሚሰጠው ኦክስጅን ጋር ሲሰላ ከ300 በታች ከሆነ፤ ሽንቱ ካነሰ ወይም ክሬያቲኒኑ ከ2 ካለፈ፤ አይኤንአሩ ከ1.5 ካለፈ፤ ፕላትሌቱ ከ100,000 ከወረደ። የዚህ ታማሚ ቱቦ በአስቸኳይ መተንፈስ አለበት፤ የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ ማኅበር የ2019 መመሪያ በድንጋጤ ላሉት ያስቀመጠው ጣሪያ 12 ሰዓት ነው። "መጀመሪያ ይረጋጋ" የሚለው ቃል እዚህ ትርጉሙ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ፈሳሽና መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ጠረጴዛው መውሰድ ነው። ቱቦው ሳይከፈት ሙሉ በሙሉ የሚረጋጋ የለም፤ ኖርአድሬናሊኑ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ያ ራሱ ቱቦውን ክፈቱ የሚል ምልክት ነው።

መካከለኛ የሚባለው ከሚከተሉት ሁለቱ ሲገኙ ነው፦ ነጭ ደም ሴል ከ12,000 በላይ ወይም ከ4,000 በታች፣ ትኩሳት 39 ዲግሪና በላይ፣ ዕድሜ 75ና በላይ፣ ቢሊሩቢን 5ና በላይ፣ በጣም የወረደ አልቡሚን። ያው የአውሮፓ መመሪያ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይሰጠዋል። ለእኛ ሁኔታ ግን 24 ሰዓት ብሎ ማቀድ ይበጃል፤ ምክንያቱም ባለሙያ፣ ዕቃና መኪና ማግኘት ራሱ አንድ ቀን ይፈጃል፤ መካከለኛውም በአንድ ሌሊት ከባድ ይሆናል።

ቀላሉ ከሁለቱም ውጭ ያለው ነው። አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ 24 ሰዓት ይታያል፤ ካልተሻለው ይተነፍስ፤ ከተሻለው የመዘጋቱ ምክንያት በቀጠሮ ይታከም። በዚያ 24 ሰዓት ውስጥ በየ6 ሰዓቱ የደም ግፊት፣ የሽንት መጠንና የአእምሮ ሁኔታ ይመዝገብ።

አምስተኛ፦ እዚሁ ወይስ ሪፈር?

ይህ ውሳኔ ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ጎን ለጎን ይወሰን። መድኃኒቱ "አልሠራም" እስኪባል የጠበቀ ሪፈር ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ስልክ ስትደውሉ "ኢአርሲፒ አላችሁ?" ብቻ አይበቃም። ኢአርሲፒ በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ የሐሞት ቱቦውን መክፈት ነው። መሣሪያው ሊኖር ይችላል፤ ባለሙያው ዛሬ አለ ወይ? ኤክስሬዩ ይሠራል? የጽኑ ሕሙማን አልጋ አለ? ማን ይቀበላል? የተቀባዩን ሐኪም ስምና የተነጋገራችሁበትን ሰዓት ጻፉ።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አራትና አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ አምቡላንስ መጠበቁንና ተራ መያዙን ስትጨምሩበት 12ቱ ሰዓት እዚያው ያልቃል። ስለዚህ በመካከለኛ ደረጃ ያለ፣ የደም ግፊቱ ያለ መድኃኒት የቆመ ታማሚ ወደ ኢአርሲፒ መላኩ ተገቢ ነው። ኖርአድሬናሊን እየጨመረ የሚሄድ ታማሚ ግን በአልትራሳውንድ መርፌ የሚያስገባ ወይም ቱቦ የሚከፍት ቀዶ ሐኪም ባለበት ቅርብ ቦታ ይተንፍስና ከዚያ ይላክ። የማያምር ግን ዛሬ የተሠራ ድሬን (ማፍሰሻ ቱቦ)፣ ነገ ከሚሠራ ጥሩ ኢአርሲፒ ይሻላል።

ቤተሰቡን ማስረዳትም ከሰዓቱ ላይ ነው የሚቀነሰው። ብዙ ጊዜ ታላቅ ወንድም ከገጠር እስኪመጣ ፊርማ ይቆያል። ሲዳምኛ ተናጋሪ ከሆኑ ቋንቋውን የሚችል ነርስ ይጠራ፤ ልጅ እናቱን እንዲያስተረጉም አይደረግ። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ "ጋሼ፣ የእማማ የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ መግል ይዟል። የምንሰጣቸው መድኃኒት መግሉን አያወጣውም። ዛሬ ሌሊት ቀጭን ቱቦ አስገብተን ማስወጣት አለብን። የዘጋውን ነገር የምናክመው ሲያገግሙ ነው። ሥራው መድማት ሊያመጣ ይችላል፤ ካልተሠራ ግን ሕይወታቸውን ያሰጋል።"

ስድስተኛ፦ በምን ይተንፍስ?

ኢአርሲፒ ካለ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1992 ከሆንግ ኮንግ የታተመ ጥናት በከባድ ኮላንጃይተስ የተያዙ 82 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ በኢንዶስኮፒ ከተነፈሰላቸው 10 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና ከተነፈሰላቸው 32 በመቶ ሞቱ። አሠራሩ ላይ ግቡ ማስተንፈስ ብቻ ነው። ካኑላው ቱቦው ውስጥ እንደገባ መጀመሪያ መግሉን ሳቡ፤ ለካልቸር ላኩ። ኮንትራስት (በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ) ጥቂት ብቻ፤ በኃይል የተገፋ ኮንትራስት ግፊቱን ጨምሮ ባክቴሪያውን ወደ ደም ይነዳዋል። 7 ወይም 10 ፍሬንች ፕላስቲክ ስቴንት አስቀምጡና ውጡ። አይኤንአሩ ለወጣ ሰው ስፊንክተሩን (የቱቦውን መውጫ ጡንቻ) መቁረጥ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ትልቅ ጠጠር ማሳደድም እንዲሁ።

በቆዳና በጉበት በኩል የሚገባው ድሬን የጉበት ውስጥ ቱቦዎች ለሰፉ ይሆናል፤ መዘጋቱ ከላይ መገናኛው ላይ ሲሆን ደግሞ ይመረጣል። አይኤንአር ከ1.5 በታች፣ ፕላትሌት ከ50,000 በላይ እንዲሆን ይሞከራል፤ ጊዜ ከሌለ ፕላዝማ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር እየገባ ይሠራል። በግራ በኩል ከደረት አጥንት ጫፍ ሥር በአልትራሳውንድ ማየት ይቀላል፤ ታማሚውም ሲተነፍስ አያመውም። በቀኝ ከሆነ መርፌው በጎድን አጥንቱ የላይኛ ጠርዝ ይለፍ፤ ደም ሥሩ ከታች ነው። 21 ወይም 22 ጌጅ መርፌ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ማስፊያ፣ ከዚያ 8 ፍሬንች ጫፉ የተጠቀለለ ካቴተር። የካቴተሩ የጎን ቀዳዳዎች ሁሉ ቱቦው ውስጥ መግባታቸውን አረጋግጡ፤ አንዱ ጉበቱ ሥጋ ውስጥ ከቀረ ድሬኑ ደም ያመጣል። ሆዱ ውሃ የቋጠረ ከሆነ ሥራው ይከብዳል፤ ውሃው ይቀዳ። የሃይዳቲድ ከረጢት ካለ የመርፌው መንገድ እንዳይነካው።

የሐሞት ከረጢቱን በመርፌ ማስተንፈስ የሚረዳው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ መዘጋቱ ከከረጢቱ መገናኛ በታች ሲሆንና የከረጢቱ ቱቦ ክፍት ሲሆን። ከረጢቱም ዋናው ቱቦም አብረው ከተወጠሩ ተስፋ ይሰጣል። ከረጢቱ ጠጠር ታቅፎ የተኮማተረ ከሆነ ግን አትሞክሩት።

ቀዶ ሕክምና የቀረው መንገድ ከሆነ አጭር ይሁን። ከዱኦዲነም (ከትንሹ አንጀት መነሻ) በላይ ባለው የቱቦው የፊት ግድግዳ ላይ ሁለት መያዣ ስፌት፣ በመካከላቸው ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር በቁመቱ ቅደዱ። መጀመሪያ በቀጭን መርፌ ሳቡ፤ የወጣው ሐሞት ካልሆነ ወይም ደም ከሆነ ቁሙ፤ በመመረቅዝ ባበጠ ቦታ ፖርታል ቬይንን (ወደ ጉበት የሚገባውን ትልቅ ደም ሥር) መቅደድ ይመጣል። እጅ የደረሰበት ጠጠር ይውጣ፤ የማይነቃነቅ ይቆይ። ከ14 እስከ 16 ፍሬንች ቲ ቱቦ (የቲ ቅርጽ ያለው የሐሞት ማፍሰሻ) አስቀምጡ፣ በሚሟሟ 4-0 ክር ዝጉ፣ ከጉበት ሥር ድሬን አኑሩ፣ ጨርሱ። የሐሞት ከረጢቱ ካልበሰበሰ አይነካ። ቲ ቱቦው የላቴክስ ቢሆን ይመረጣል፤ ሲሊኮን ዙሪያውን ጠባሳ ስለማያበጅ ሲወጣ ሐሞቱ ሆድ ውስጥ ይፈሳል።

ሰባተኛ፦ ከተነፈሰ በኋላ

በ24 ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ መውረድ፣ ኖርአድሬናሊኑ መቀነስ፣ ሽንቱ መምጣት አለበት። ቢሊሩቢን በቀናት ነው የሚወርደው፤ እሱን አይታችሁ አትደንግጡ። ካልተሻለው በቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ድሬኑ ወይም ስቴንቱ ተደፍኗል? የተነፈሰው የተመረቀዘው ወገን ነው ወይስ ሌላው? በመገናኛው ላይ ዕጢ ካለ የግራው ተንፍሶ የቀኙ መግል ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ኮንትራስት የገባበት ክፍል ሁሉ መተንፈስ አለበት። ጉበት ውስጥ የመግል ቋት አለ? ጣፊያው (ፓንክሪያሱ) ተቆጥቷል? ካልቸሩ ምን አለ?

ወደ ውጭ የሚፈሰውን ድሬን በየ8 ሰዓቱ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ሳላይን በቀስታ እጠቡ፤ መልሳችሁ አትሳቡ። የሚፈሰው መጠን ይለካ፤ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የሚወጣለት ሰው ጨውና ባይካርቦኔት ስለሚያጣ ይተካለት። ድንገት መፍሰሱ ቢቆም "ድኗል" አትበሉ፤ ካቴተሩ ተጣሞ ወይም ወጥቶ ነው። ከቆዳው ጋር የተገናኘበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ የተንሸራተተ መሆኑ በዚያ ይታወቃል።

ቱቦው በደንብ ከተነፈሰ አንቲባዮቲኩ ከ4 እስከ 7 ቀን ይበቃል፤ በደሙ ውስጥ ግራም ፖዘቲቭ ኮከስ ከተገኘ ቢያንስ ሁለት ሳምንት። ካልተነፈሰ ግን የቀን ቁጥር የለውም። ቲ ቱቦ ላለው ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ኮንትራስት ገብቶ ይታይ፤ ምንም ካልቀረ በሁለትና ሦስት ሳምንት ይወጣል።

ከሆስፒታል ሲወጡ ስቴንት ያላቸው ታማሚዎች ወረቀት ይያዙ፤ የገባበት ቀን፣ ዓይነቱና የሚወጣበት ቀን በአማርኛ ይጻፍበት። ፕላስቲክ ስቴንት በሦስት ወር ገደማ ይደፈናል። ወረቀቱ ላይ የአንድ ቤተሰብ ስልክ ይመዝገብ፤ ብርድ ብርድ ካላቸው ወይም ዓይናቸው መልሶ ቢጫ ከሆነ በዚያው ሌሊት እንዲመጡ ለታማሚውም ለአስታማሚውም ይነገር።